ማሽኑ የማያነበው መስመር

የጥርስ ቴክኒሻኑ ያን ዕለት ረፋድ የሚሞርደው ለሰው አፍ የታዘዘ ጥርስ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። መሞረጃው እጁ ላይ ይጮኻል፣ ብናኙ ፊቱን አልብሶታል፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ይገፋዋል። አንድ ደህና የመንጋጋ ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ጥርስ፣ ከዚያም ወደ ምንም ተለወጠ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ሰውየው ያዘዘው ጥርስ ነው፣ የሩዝ ፍሬ አይደለም» አሉ ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ምድር ቤት ሰም ሲቀርጹ ስለኖሩ በክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ሰው ጋሽ ሰም ነው የሚላቸው።

«ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ።»

«ምን ሆንክ ብዬ መቼ ጠየቅሁህ? ካልክ ግን ያንን ምንምህን ለብቻው ሙረደው፣ ጥርሱን ልቀቀው።»

ቴክኒሻኑ መሞረጃውን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ያናደደውን ነገር ለማን ይነግረዋል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ዶክተሯ አንዲት ቃል አልጻፈችለትም። ሦስት ሳምንት! ይሄ አልበቃ ብሎ ዛሬ ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ የትዕዛዝ ወረቀት ይዛ ወረደችና ሳትጠየቅ ወሬዋን ዘርግፋ ሄደች። የክሊኒኩ ባለቤት ዋናው ዶክተር፣ ልጃቸውን ዶክተሯን በሌላ ከተማ የተከፈተውን ቅርንጫፍ እንድትመራ ሊልኳት ነው። ብቻዋንም አይደለም፤ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ነው። ቀዶ ሐኪሙ የአባትየው የልብ ወዳጅ ልጅ ነው።

«ሁለቱን አንድ ላይ የሚልኳቸው ለሥራ ብቻ መሰለህ?» ብላ ጠቀሰችው እንግዳ ተቀባይዋ። «ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እሺታዋን ትሰጣለች።»

እሷ ሄዳ እሱ ከወሬው ጋር ቀረ። ዶክተሯና እሱ ሁለት ዓመት ተኩል በፍቅር መክረማቸውን በዚያ ሕንጻ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረምና፣ የተናደደበትን ምክንያት እንኳ በአደባባይ መናገር አይችልም።

ነገሩ የጀመረው በጠብ ነበር። ቴክኒሻኑ ከጥርስ ሥራው ሌላ አንድ ክፉ ሱስ አለበት፤ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። ያዘዘው የለም፣ የሚጠብቀውም የለም፤ በየማለዳው ከሥራ በፊት፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ይገኛል። ጌሙ አንድ ንብ አንቢ ጎርፍ ሳይደርስበት ቀፎዎቹን ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚያሸሽበት ነው። አንድ ቀን ዶክተሯ አልገጥም ባላት ሰው ሠራሽ ጥርስ ልትቆጣው ወረደች፤ ቁጣዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ዐረፈ።

«ንብ እኮ እግሯ ስድስት ነው» አለችው። «ያንተዎቹ አራት አራት ብቻ ነው ያላቸው። ምነው፣ ፍየል ናቸው እንዴ?»

በሳምንቱ ንቦቹን የምትሥለው እሷ ሆነች። በወሩ ደግሞ እሱ እንቅልፍ አጣ።

ፍቅራቸው የኖረበት ቦታ ግን ለሌላ ሰው ቢነገር የሚገርም ነው። በጌም ኮድ ውስጥ ማሽኑ ዘሎ የሚያልፋቸው፣ ለሰው ዓይን ብቻ የሚጻፉ መስመሮች አሉ፤ ኮሜንት ይሏቸዋል። «ይህ ቁጥር የክንፉ ፍጥነት ነው» ዓይነት ማስታወሻ ነው የሚጻፍባቸው። እሷ በጋራ ፎልደራቸው ውስጥ ያለውን የንቦቹን ፋይል ስታስተካክል አንድ ቀን ከክንፉ በላይ «ይህን ክንፍ ስሥል አንተን እያሰብኩ ነበር» የሚል መስመር ጨመረች። እሱ ከሥሩ ሦስት መስመር መለሰላት። ከዚያ በኋላ የንቦቹ ፋይል የፖስታ ቤታቸው ሆነ። ስልክ ሞክረው ነበር፤ አንዴ ስልኳ እንግዳ መቀበያው ላይ ቻርጅ ሲደረግ «ናፍቀሽኛል» የሚል መልእክት ብልጭ ብሎ ሕንጻው ሁለት ሳምንት ታመሰ። ላኪውን ስም አልባ አድርጋ መመዝገቧ ነው ያዳናቸው። ያን ዕለት እሱ ሕግ አወጣ፤ ስልክ የለም፣ ምድር ቤት መውረድ የለም፣ በኮሪደር ስንተላለፍ «ዶክተር» እና «እርስዎ» ብቻ። «የባለቤቱን ልጅ አጠመደ» መባልን አብዝቶ ይፈራ ነበር። እሷ ሕጉን አልወደደችውም፤ እሱን ስለምትወደው ግን ተቀበለችው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የተጣሉትም በጌሙ ሰበብ ነው። ጌም የሚሠራበትን ፕሮግራም ባለሙያዎቹ ኤንጂን ይሉታል፤ ሥዕሉንም እንቅስቃሴውንም ተሸክሞ የሚያስኬደው እሱ ነው። የቴክኒሻኑ ኤንጂን አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት የኖረ፣ ፈጣሪዎቹ ራሳቸው ትተውት የሄዱ ሽማግሌ ነበር። ሦስት መቶ ንብ አንድ ላይ ከበረረ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። እሷ መንጋ ትፈልጋለች፤ ሰማዩን የሚሸፍን መንጋ። አዲስ ኤንጂን መጥቷል፣ እንቀይር አለችው። እሱ በሕይወቴ ሳለሁ አይሆንም አለ። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግራ ቀኝ አይታ በሹክሹክታ ለበለበችው።

«ኤንጂኑን ብቻ መሰለህ የያዝከው? ይሄን ምድር ቤትም እንደዚያው አድርገህ ነው የያዝከው። መውጣት ነው የምትፈራው።»

ቃሉ አንገበገበው። በማግስቱ ማለዳ አዲሱን ኤንጂን ጫነ፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። መንጋው በርሮ ሳያሳያት ላይጽፍላት ለራሱ ማለ። እሷም ብትሆን ያን ያህል ተናግራው መጀመሪያ መጻፍ ያለባት እሷ ናት።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ሳይጠየቅ ወደለመደበት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የሚፈልገው የለም። በአሮጌው ወደ ታች የሚቆጠረው በአዲሱ ወደ ላይ ነው የሚቆጠረው፤ ንብ አንቢው ሊዘል ሲል መሬት ውስጥ ሰመጠ፣ ጎርፉም ከሰማይ ተገልብጦ ተንጠለጠለ። ሰውየው ላፕቶፑን ስንት ጊዜ ሰደበው! አሮጌውን ኮድ ወደ አዲሱ የሚቀይር መሣሪያ ባያገኝ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ይተወው ነበር። ዶክተሯ ምንም ስለማታውቅ አሁንም በአሮጌው ፎልደር ነው የምትሠራው። እሱ በየማለዳው ከቤቷ ሆና ያደረገችውን ለውጥ በመሣሪያው አሳልፎ በአዲሱ ላይ ያነበዋል። አንድ ቀን ክንፍ ቀጥናለች፣ አንድ ቀን ቢጫውን አደብዝዛለች። ከክንፉ በላይ ግን ምንም የለም፤ የድሮዎቹንም መስመሮች ተናዳ ያጠፋቻቸው መሰለው። ሰላምታ እንኳ የለም። ያን ባዶ ቦታ እያየ ሦስት ሳምንት ሙሉ ንዴቱን ሲያሳድግ ቆየ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዶክተሯ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ በእጇ ትንሽ የጥርስ ሣጥን ይዛ ቆማለች።

«ይህ ጥርስ አልገጠመም» አለች። «እርስዎ ነዎት የሠሩት መሰለኝ።»

ጋሽ ሰም አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «እኔ ሻይ ልጠጣ» ብለው ተነሡ፤ ገና ያልጨረሱት ሻይ ፊታቸው ነበር። በሩን ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።

«የቱ ጋ ነው ያልገጠመው?» አለ ቴክኒሻኑ ቀና ሳይል።

«ጥርሱ ምንም አልሆነም። ዓይንህን ላየው ነው የመጣሁት። ምናልባት ያፍር እንደሆነ ብዬ።»

«እኔ?» ብድግ አለ፤ ወንበሩ ኋላው ወደቀ። «እኔ ነኝ የማፍረው? ሂጂ እንጂ! ከቀዶ ሐኪምሽ ጋር መልካም ጉዞ! ሕንጻው በሙሉ ሲያውቅ ለእኔ መንገር ከበደሽ?»

«ለአንተ መንገር?» ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ለአንተ ከዚህ በላይ ምን ልንገርህ? እሁድ ለምን ቀረህ?»

«የቱ እሁድ?»

ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «የቱ እሁድ ይለኛል! ስትፈልግ ዝም በል፣ ስትፈልግ ጥፋ፤ ግን እንደ ሞኝ አትቁጠረኝ።»

«እኔ ነኝ ሞኙ! ሦስት ሳምንት በየማለዳው ፋይልሽን ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ ሞኙ! አንዲት ቃል! ለወግ እንኳ ደህና ዋል አይባልም?»

«አልጻፍሽም ነው የምትለኝ?»

«አልጻፍሽም!»

«ዓይኔን እያየህ?»

«ነይ እዪው! ይኸውልሽ!» ላፕቶፑን በኃይል ወደ እሷ አዞረው። «ለማን ብዬ እንደደከምኩ እዪው! አሥራ ሁለት ዓመቴን ለማን ብዬ እንደጣልኩት!»

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ጎርፉ ከሸለቆው ተነሣ፣ ንብ አንቢው ቀፎውን ከፈተ፣ ንቦቹም ወጡ። አሥር ሺህ ነበሩ። እሷ የሣለቻቸው፣ ባለ ስድስት እግሮቹ፣ ኮረብታውን ዞረው ሰማዩን ሞሉት፤ አንዲትም አልደረቀችም። ዶክተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። ለአንዲት አፍታ ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ጠፍቶ ያኔ ስለ እግር የጠየቀችው ሴት ተመልሳ መጣች።

«ቀየርከው» አለች።

«ከተጣላን በማግስቱ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ላስደስትሽ ብዬ!» አለ፤ የጮኸው ግን እንደሚሳደብ ሰው ነበር።

እሷ ንቦቹን ማየት አቆመች። አንድ ነገር ጠርጥራለች። «የንቦቹን ፋይል ክፈተው» አለችው።

ከፈተላት። ንጹሕ ኮድ ነበር፤ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ ቁጥር። እሷ ጎንበስ ብላ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በጣቷ ተከተለችው፤ ከዚያ ጣቷን መልሳ ክንፉ ላይ አቆመች።

«እዚህ ጋ፣ ከዚህ በላይ፣ አሥራ አራት መስመር ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ አራት። ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት እዚህ ጋ ነበር። ያንተስ የት ሄደ? ያን የመጀመሪያ ጊዜ የመለስክልኝስ?» ቀና ብላ አየችው። «የት ነው የከተትከው?»

ቴክኒሻኑ ክንፉ ላይ ያረፈውን ጣቷን አየ። ትዝ አለው። የመቀየሪያው መሣሪያ የመጀመሪያ ቀን ያቀረበለት ቅጽ፣ በቅጹ መሀል የነበረች አንዲት ትንሽ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ትዝ አለችው። ኮሜንቶች ይወገዱ? ይል ነበር። እሱም በአሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን የራሱን ዝባዝንኬ አሰበ፤ «ይሄ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ እንዳትነካው»፣ «ነገ አስተካክለው»፣ ያ ነገ አምስት ዓመት ሞልቶታል። እንኳን ተገላገልኩ ብሎ ሣጥኗ ላይ ምልክት አደረገ። መሣሪያውም ትእዛዙን ይዞ በየማለዳው የማን እንደሆነ ሳይለይ ያገኘውን ኮሜንት ሁሉ ጠርጎ ይጥል ነበር።

«መቀየሪያው መሣሪያ ኮሜንቶቹን ላስወግድ ወይ የምትል ሣጥን አሳይቶኝ ነበር» አለ።

«እና?»

«አዎ አልኩት።»

ቴክኒሻኑ አሮጌውን ፎልደር ፈልጎ ከፈተ። መስመሮቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እሱ ቆሞ አነበበ።

«ለኔ ግትር፦ ደረጃው ላይ የተናገርኩህ ከብዶኛል፤ ውሸት ስላልሆነ ግን አልመልሰውም። ለአባዬ ልነግረው ነው። እሁድ ምሳ ላይ አንድ ሰው ይመጣል ብዬዋለሁ፤ ማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ና። ከሥራ ልብስህ ሌላ ልብስ ካለህ ልበስ፣ ከሌለህም በሱ ና። ካልመጣህ መልስህ እሱ ነው ብዬ እወስደዋለሁ፣ ደግሜም አልጠይቅህም።»

ከሥሩ አራቱ መስመር ነበር። «አልመጣህም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅንህ። ሳህንህን አባዬ ራሱ አነሣው። ምንም አላለኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወረድ ብሎ ሌላ፦ «ደግሜ አልጠይቅም ብዬ ነበር። ይኸው ጠየቅሁ። ምን አጠፋሁ?»

የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው፦ «ዛሬ ምሳ ላይ አባዬን እሺ ልለው ነው። ንቦቹ ላንተ ይሁኑ።»

ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሲጨርስ የተናገረው የተናደደ ሰው የሚናገረውን የመጀመሪያ ነገር ነው።

«ምን አለ አንዴ ወርደሽ ብትጠይቂኝ? ሃያ ሁለት ደረጃ ነው እኮ! ሕይወትሽን ያህል ነገር በዚህ መስመር ውስጥ ትወሽቂያለሽ?»

«ወርጄ?» እንደ እሳት ዞረች። «ምድር ቤት እንዳትወርጂ፣ ሰው ያየናል ያለኝ ማን ነው? ስልክ እንዳትደውዪ ያለኝ ማን ነው? የምናወራበት ሌላ ቦታ ነበረን? አንተ እኮ ነህ እዚያ ውስጥ የከተትከኝ! ከከተትከኝ በኋላ ደግሞ ጠርገህ ጣልከኝ!»

«የራሴን ቆሻሻ የጠረግሁ መስሎኝ ነው...»

«እዚያ ውስጥ እኔም ነበርኩ! ያቺን ሣጥን ስትነካ፣ አንዲት ሰከንድ፣ እኔ ትዝ አላልኩህም?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አላልሽኝም» አለ።

ዶክተሯ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ሙልጭ አድርጋ ጠረገች። ቢዋሻት ኖሮ የሚቀላት ይመስል ነበር። እሱ ግን እሷን ማየት ስላቃተው የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ለምሳ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። በራሱ ላይ ያደረበት ንዴት ከጉሮሮው አልፎ እግሩ ድረስ ወረደ። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ በሩን በርግዶ ወጣ። በሩ ጀርባ ሻይ ሳይሆን ወሬ ሲጠጡ የነበሩት ጋሽ ሰም አፍንጫቸው ለጥቂት ተረፈ።

«ወዴት ነው?» ስትል ተከተለችው።

«ላይ!»

«ምን ልትለው ነው? ስለ ሣጥን ልታወራለት ነው? አባዬ ስለ ኮድ ምን ያውቃል? ተመለስ!»

«አልመለስም!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የላይኛው ኮሪደር ታካሚ ሞልቶታል፤ ጉንጩ ያበጠ፣ ጥጥ የነከሰ፣ ተራ የሚጠብቅ። ነጭ ብናኝ የለበሰ ሰውና ከኋላው የምታለቅስ ሐኪም ሲመጡ ሁሉም ዞሮ አየ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ፈዘዘች። ቴክኒሻኑ የዋናው ዶክተር በር ሦስት እርምጃ ሲቀረው የዶክተሯ ድምፅ ከኋላ ያዘው።

«ለኔ ያላልከኝን ለእሱ ልትለው ነው?»

ቆመ። ዞረ። «ምን አላልኩሽም? ምን ያላልኩሽ ነገር አለ? ሁለት ዓመት ተኩል ስጽፍልሽ!»

«ጽፈሃል! በአፍህ ግን አንድም ቀን ብለኸኝ አታውቅም! ድምፅህ ምን እንደሚል አላውቅም። መጥፋት የሚችል ነገር ብቻ ነው የሰጠኸኝ!»

እውነቷን ነበር። እሱ በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሶ ቀኖቹን ሁሉ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። በኮሪደር «ዶክተር»፣ በደረጃ ላይ ሹክሹክታ፣ ሌላው ሁሉ መስመር ነው። ራሱን ሊገድለው ደረሰ።

«እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ የወጣው ቁጣውን ሁሉ ተሸክሞ ነው። «ሰማሽ? እወድሻለሁ! ይሄ ሁሉ ሰው ይስማ!»

ሰውም ሰማ። ጥጥ የነከሱት አንድ አዛውንት ጥጣቸውን ጣሉት። የዋናው ዶክተር በር ተከፈተና ባለቤቱ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው ሰውየውን፣ ከፀጉሩ ነጭ ብናኝ እስከ ጫማው።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»

«አባዬ» አለች። «እሁድ የቀረው ሰው ነው።»

አዛውንቱ ሐኪም ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። «አንተ ነህ?» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጠህ ጥርስ ስትሠራልኝ፣ አንድ ቀን ወጥተህ ደህና ዋሉ አላልከኝም። ልጄን ሦስት ሰዓት በር በር ስታሳያት ዋልክ። ምን ምክንያት አለህ?»

ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ሲያስበው ግን አነሰበት።

«የለኝም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ግን መጥቻለሁ።»

አባትየው ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። ፊታቸው አልተፈታም። ለቀዶ ሐኪሙ አባት የሚሉትን እያሰቡ ይሁን፣ ሌላ ነገር እያሰቡ ይሁን፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሩን ግን በክንዳቸው ገፍተው ወለል አድርገው ያዙት።

«ግቡ» አሉ። «ሁለታችሁም።»

ቴክኒሻኑ ለመግባት እግሩን አነሣ። ዶክተሯ እጅጌውን ያዘችው። ዓይኗ ቀልቷል፣ አሁንም ተናዳበታለች፤ ይቅር እንዳላለችውም ፊቷ ይናገራል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ እሱ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ድገመው» አለችው። «ሳትጮኽ።»

ያን ሁሉ ሲጮኽ የዋለ ሰው ድምፁ ከዳው። አንድ ጊዜ ሞክሮ አልወጣለትም። አባትየው በሩን ይዘው፣ ኮሪደሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እየጠበቀ፣ እንደገና ሞከረ። በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ፊቷን እያየ አላት።